ጢስ ያኖረን፣ ጢስ ያፈነን፦ የአስም ታሪክ በቁይ

በወረዳችን በደባይ ጥላትግን አስም የከተሜ በሽታ ነው ይባላል። እኔ ቁይ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በምሥራቅ ጎጃም ክሊኒኮችና ጤና ጣቢያዎች በጤና ረዳትነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ አባባል አልስማማም። አስም ደጋችን ላይ ድሮም ነበረ። ብርድ፣ ምች፣ መጋኛ፣ ሲከፋም የሳንባ ነቀርሳ እየተባለ በሌላ በሽታ ሒሳብ ሲቆጠር ኖረ እንጂ ከመንደራችን ጠፍቶ አያውቅም። ስንት ሰው ነው የሚያመው ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከታመሙት ስንቱ ሕመሙ ታውቆለት፣ የሚገባውን መድኃኒት አግኝቶ አደረ ብለን እንጠይቅ።

ነገሩን ከቤት ልጀምረው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ያደግሁበት ቤት ክብ የሣር ክዳን ነበር። መሐል ላይ ምድጃ፣ በአንድ ወገን መደብ፣ በሌላው ወገን የከብቶቹ ጋጣ፣ ከላይ ቆጥ። መስኮት አልነበረውም። ጢሱ በሩ ሲከፈት በበሩ፣ ሲዘጋ ደግሞ በሣሩ መሐል እየሾለከ ይወጣል። ጣራው ከውስጥ ጥቀርሻ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጥቀርሻው ሊጡ ላይ እንዳይረግፍ እናቴ ቡሖቃውን ከድና ነው የምታኖረው። ሽማግሎቹ ለጢሱ መውጫ ያላበጁለት ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። ጢስ ሣሩን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ምስጥ ያርቃል፤ ቁንጫ ያሳሳል፤ ከጣራ ሥር የተንጠለጠለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ያድናል። የጮቄ ተራራ ብርድ በሐምሌ ሲወርድ ደግሞ ሌሊቱን ያለ እሳት የሚያሳልፍ ሕፃን አይኖርም። ጢስ የቤቱ ጠባቂ ነበር።

የሚነደው ነገር ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። አያቶቻችን የወይራና የጥድ ማገዶ ያውቁ ነበር። ደኑ ሲመናመን በምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በጎጃም ደጋም ተዛመተ፤ እሱም የገበያ ዛፍ ሆነ። ግንዱ አጣናና ምሰሶ ሆኖ በመኪና ይጫናል፤ ለቤት የሚቀረው ቅጠሉ፣ ጭራሮውና የከብቱ ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ከማገዶ ሁሉ ጢሱ የሚብስ ነው።

እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በኩበት ነበር። ሊጡን አፍስሳ አክንባሎውን ከደፋች በኋላ ጎንበስ ብላ እሳቱን እፍ ስትል ሳል ይቀድማታል። ከሳሉ በኋላ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ይመጣል፤ ቤቱ ጸጥ ካለ ከደጅ ይሰማል። ምጣዱን ለእኅቴ ትታ በሩ ላይ ትቀመጥና ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ትተክላለች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይጠጋል፤ አየር በሳበች ቁጥር የአንገቷ ሥር ይሰረጉዳል። «አፈነኝ» ነበር የምትለው፤ ሌላ ቃል የምትጨምርበት ትንፋሽ አይተርፋትም። ልብ ብሎ ላያት አየሩን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱ ነበር የሚከብዳት። የአስም ዋና ምልክቱ ይኸው ነው።

በአስም በሽተኛ ሳንባ ውስጥ የሚሆነውን ባጭሩ ልናገር። የአየር ቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ሰውየው ደኅና በሚመስልበት ቀን ሳይቀር ያበጠና የተቆጣ ነው። በዚያ ላይ ጢስ፣ አቧራ፣ ጉንፋን ወይም ብርድ ሲነካው ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፤ አክታው ይወፍራል፤ መንገዱ ይጠባል። እንግዲህ መድኃኒቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጡንቻውን አላልቶ ለጥቂት ሰዓት ያሳርፋል፤ ሁለተኛው እብጠቱን እያደረቀ በሽታውን ይገራል። የምጽፈው ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

ጢስ ባለበት ሁሉ አስም አለ ማለቴ አይደለም። አስም ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረድ ዝንባሌ አለበት፤ ጢሱ ይቀሰቅሰዋል፣ ያባብሰዋል። ዕድሜ ልካቸውን ምድጃ ሥር የኖሩ እናቶች ደግሞ አስም ሳይኖርባቸው ሳንባቸው ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ሕመማቸው ከአስም ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱም በእነሱ ላይ ያን ያህል አይሠራም። በየጤና ጣቢያው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኖረዋል። ለመለየት የሚረዳው አንዱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ «እማሆይ፣ ይህ ነገር የጀመረዎ በልጅነትዎ ነው ወይስ ከብዙ ልጅ በኋላ?»

ወንዶቹን ደግሞ የሚያፍናቸው አውድማው ነው። ጤፍ ሲወቃ፣ ነፋስ ጠብቀው በላይዳ ወደ ላይ ሲበትኑት፣ እብቁ ሸማና ፊት ላይ ይለጠፋል። አውድማ ላይ ሲያፍነው ሌሎቹ «ሰነፍ ነው፣ ሥራ ሸሽቶ ነው» ያሉት ጎልማሳ አውቃለሁ። የወፍጮ ቤት ሠራተኞችም እንደዚሁ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደኅና ሆነው ሰኞ ሥራ ሲገቡ የሚያፍናቸውን ሰዎች ሳይ ነገሩ ከዱቄቱ እንደሆነ ለመናገር ብዙ ምርመራ አያስፈልግም ነበር።

ለእናቴ የተደረገላትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም በቡና። ምች ነው ሲባል ዳማ ከሴ ተጨምቆላታል። ጠበል ተጠምቃለች፤ ክታብም አስራለች። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጋን ተፈልቶ ጋቢ ተከናንባ ታጥናለች፤ ይኸኛው አፍንጫዋን ይከፍትላትና ደረቷን ያብስባት ነበር። አንድ ጎረቤታችን «ይህች ልጅ ደጋው ነው ያልተስማማት፤ ቆላ ትውረድ» ብለው መከሩ። ወደ አባይ በረሃ፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ወርዳ ከረመች፤ በእርግጥም ቀለላት። ሰው ሁሉ ሙቀቱ ነው ያዳናት አለ። እኔ የማምነው ሌላ ነው፦ እዚያ ምግብ የሚበስለው ከቤት ውጭ በዳስ ሥር ነበር። ቁይ በተመለሰች በወሩ፣ ምድጃው ሥር በተቀመጠች ጊዜ፣ ነገሩ እንደነበረው ሆነ። አውሮፓውያን ደግሞ በተቃራኒው በሽተኞቻቸውን ወደ ስዊዘርላንዱ የዳቮስ ተራራ ያወጡ ነበር፤ የሚቀልላቸውም በደረቁ የተራራ አየር ውስጥ አስም የሚቀሰቅሱት የአቧራ ተባዮች ስለማይበዙ ነው።

የአባቶቻችንን ሕክምና በጅምላ የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ አልወድላቸውም። የደብተሮቻችን መጽሐፈ መድኃኒት ትልቅ ሀብት ነው። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እነዚያን ጽሑፎች አሰባስቦ ሲያሳትም ዓለም ያልጠበቀውን ያህል የዕፀዋት ዕውቀት ተገኝቶባቸዋል። ለምሳሌ በየበረቱ አጠገብና በየቆሻሻው ክምር ላይ የሚበቅለውን፣ ረጅም ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለውን አስተናግር ውሰዱ። በጎጃም የቆሎ ተማሪ ዜማና ቅኔ እንዲገባው ጠጣው የሚባለው አብሾ ከዚህ ተክል የሚዘጋጅ ነው ይላሉ፤ ጠጥቶ የተመራመረም፣ ጠጥቶ ያበደም ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንግሊዞች የዚሁን ተክል ዘመድ ጢስ ለአስም መሳብን ከሕንድ፣ ከማድራስ ተምረው ወደ አገራቸው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ የአስም ሲጋራ እየተባለ በአውሮፓና በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሲሸጥ ኖረ። የሚሠራውም በውስጡ ባለው አትሮፒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ የቧንቧውን ጡንቻ ያላላል። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንጠቀምበት ኢፕራትሮፒየም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ተክሉን ግን ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ መጠኑ በቅጠሉና በፍሬው ስለሚለያይ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ያሳብዳል፣ ይገድላልም።

በጢስ መፈወስን ስናነሣ ኅዳር 12ን መዝለል አይቻልም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሰዉን እንደ ቅጠል ሲያረግፍ፣ ያ ወረርሽኝ የኅዳር በሽታ ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ዕለት ግቢ እየተጠረገ፣ ቆሻሻው በየደጃፉ እየተከመረ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህን ነው። ግቢን መጥረግ መልካም ነው፤ ለሙታን መታሰቢያነቱም ይገባኛል። ሆኖም ወረርሽኙን ያባርራል የተባለው ጢስ ለአስም በሽተኛ የዓመቱ ክፉ ቀን ነው። በተለይ ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ ጢሱ እንደ ድሮው የገለባና የቅጠል ጢስ ብቻ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ኅዳር 12 ማታ ተረኛ ከሆንኩ የኦክስጅንና የመርፌውን ነገር አስቀድሜ ነበር የማዘጋጀው።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ልግባ።

በኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያና በደርግ መጀመሪያ የገጠር ክሊኒክ ማለት አንድ ጤና ረዳት፣ ሕዝቡ ድሬሰር የሚለን፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና አንድ የመርፌ መቀቀያ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች በየአውራጃው ነበሩ፤ ሐኪም ለማየት ግን ደብረ ማርቆስ መሄድ ግድ ነው። ለአስም የነበረን ኪኒን ኤፌድሪንና ቴዎፊሊን ተቀላቅለው የተሠሩበት ነው። ኤፌድሪን ቻይናውያን ከጥንት ከሚያውቁት ማ ሁዋንግ ከተባለ ቁጥቋጦ የተገኘ ሲሆን፣ በዘመናዊ ሕክምና የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1924 ቼንና ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች ካስተዋወቁት በኋላ ነው። ቴዎፊሊን ደግሞ ከሻይ ቅጠል ተለይቶ የወጣ፣ ቡና ውስጥ ላለው ካፌይን ወንድም የሆነ ንጥረ ነገር ነው። ራሱ አስም የነበረበት እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ለበሽተኞቹ ወፍራም ቡና በባዶ ሆድ ያዝ ነበር። እናቴ በጤና አዳም የጠጣችው ቡና ትንሽ የረዳት ለዚህ ነው፤ የረዳትም ትንሽ ብቻ ነው።

ኪኒኑ ልብ ያስመታል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እንቅልፍ ይነሣል። በዚያ ላይ የሚያላላው ጡንቻውን እንጂ እብጠቱን አይነካም። ሲብስ የሚቀረን አድሬናሊንና አሚኖፊሊን መርፌ ነበር። አሚኖፊሊን በደም ሥር ሲሰጥ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከተፋጠነ ልብ ያቆማል። አንዲት ነፍሰ ጡር ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሌሊት መጡ። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ሁለት ቃል አከታትላ መናገር አትችልም። ባሏ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ፤ በግራ እጄ የክንዷን ሥር፣ በቀኝ እጄ መርፌውን ይዤ፣ ዓይኔን ከሰዓቴ ሳልነቅል መድኃኒቱን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ገፋሁት። ሲርታው መጀመሪያ ጨመረ። የማያውቅ ሰው ባሰባት ይላል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አየር የማይገባበት ደረት ድምፅ የለውምና። ሊነጋ ሲል ውኃ ጠየቀች። በቃሬዛ የመጣችው ሴት በማግስቱ በእግሯ ተመለሰች፤ የሰጠኋት ኪኒን ግን ያው ሌሊቱን ለማሳለፍ የሚበቃው ዓይነት ነበር።

ይህ በቁይ ዙሪያ ሲሆን ዓለም ወዴት ደርሶ ነበር? በመተንፈስ የሚወሰደው መድኃኒት፣ እኛ ፓፍ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ወጣ። የሠራው የመድኃኒት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ልጅ የሆነች የ13 ዓመት የአስም በሽተኛ መድኃኒቷ እንደ ሽቶ ለምን አይረጭም ብላ አባቷን በመጠየቋ ነው ሐሳቡ የተነሣው ይባላል። ቬንቶሊን የተባለው ማላሊያ፣ ሳልቡታሞል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያ ላይ ዋለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 እንግሊዝ አገር የመጣው ቤክሎሜታዞን ነው፤ እብጠቱን በቀጥታ እዚያው ሳንባ ውስጥ የሚያደርቅ የመጀመሪያው ፓፍ። እኔ ጤና ረዳት ሆኜ ስመረቅ ይህ መድኃኒት ተገኝቷል። ገጠር ያለ በሽተኛ እጅ ሲገባ ለማየት ግን የሥራ ዘመኔ ማብቂያ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብኝ።

ማላላቱን ብቻ ይዞ መቅረት ምን እንደሚያመጣ እነዚያው ባለጸጋ አገሮች በራሳቸው ላይ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ ደግሞ በኒውዚላንድ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት ጨመረ። ሲመረመር ኃይለኛ የሆነ ማላሊያ ፓፍ እየደጋገሙ እየወሰዱ፣ ሥሩ ያለው እብጠት ሳይታከም የቀረባቸው ብዙ ነበሩ። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዘጋጅ ቡድን፣ ጂና፣ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ታማሚ በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም በግልጽ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በእኛ አገር የአብዛኛው በሽተኛ ሕክምና ዛሬም ያ የተተወው ዓይነት ነው።

በአገራችን አስም ምን ያህል እንደተስፋፋ ከጠየቅን ዋናው ምስክር ጅማ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች ከእንግሊዙ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ12 ሺህ በላይ የከተማና የገጠር ሰው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። አስምና ሲርታ በከተማው ውስጥ ከገጠሩ ይበልጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሁለተኛ ጥናታቸው የሆድ ትል፣ በተለይ መንጠቆ ትል፣ ያለባቸው ሰዎች ሲርታ እንደሚቀንስባቸው ታየ። ዓለም ተደነቀ። ኖቲንግሃሞች ቆይተው ትሉን ለአስም በሽተኞች አውቀው በመስጠት ሞከሩት፤ እንደታሰበው ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘበትም። ስለዚህ ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ የሚሰጣቸውን የትል መድኃኒት ይዋጡ፤ የትል ደም ማነስ ማንንም አይጠቅምም።

የጅማን ጥናት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከእሱ ተነሥቶ ገጠሬ አስም የለበትም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። አነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም። ጎጃም ደግሞ ጅማ አይደለም፤ ብርዱም፣ ቤቱም፣ ማገዶውም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዓለም ዙሪያ በ13 እና በ14 ዓመት ተማሪዎች ላይ የተካሄደው ትልቁ የአስም ጥናት፣ አዲስ አበባና ጅማም የነበሩበት፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የበሽታው መጠን ከሃያ እጥፍ በላይ እንደሚለያይ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ሰው አስም እንደነበረበትና 455 ሺህ ሰው እንደሞተበት ይገልጻል፤ አብዛኛው የሚሞተው መድኃኒቱ በማይዳረስባቸው በድኻ አገሮች ነው። በሽታው ባለጸጎቹ አገሮች ውስጥ ሲበዛ ሞቱ የበዛው እኛ ዘንድ መሆኑ የሚያሳየው የሕክምና ጉድለትን ነው።

ሰው የሚደበቅበት ምክንያትም አለ። በአካባቢያችን ለረጅም ጊዜ የሚያስል ሰው ነቀርሳ ይዞታል ተብሎ ይፈራል። ጽዋ ይለዩበታል፤ ማኅበር ላይ ብርሌው ለብቻው ይቀመጣል፤ ልጃገረድ ከሆነች ጠያቂ ይርቃታል። አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄሱን አስፈቅጄ ተናግሬአለሁ። ከነገርኳቸው በኋላ «እኔንም ሌሊት ሌሊት ያፍነኛል» እያሉ ቀስ ብለው የሚጠጉኝ ሰዎች ነበሩ። በመዝገብ ላይ የማይታየው የአስም ቁጥር እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር የፓፉ ፍርሃት ነው። «ሱስ ያስይዛል»፣ «የመጨረሻ ደረጃ የደረሰ ሰው ነው የሚወስደው»፣ «አንዴ ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም» ይባላል። በዚህ የተነሣ ሰው ኪኒንና መርፌ ይመርጣል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን እየገዛ ለዓመታት የሚውጥ አለ፤ ፊቱ ያብጣል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ስኳሩ ይጨምራል። በፓፍ የሚወሰደው ቤክሎሜታዞን ግን መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ ያን ሁሉ ጣጣ አያመጣም። ጠዋትና ማታ፣ ደኅና በሆኑበት ቀን ጭምር ይወሰዳል፤ ከዚያ አፍ በውኃ ይጉመጠመጣል።

ሦስተኛው አወሳሰዱ ነው። ፓፉን ይዞ የሚመጣውን በሽተኛ «እስቲ አሳየኝ» ስለው ብዙው ሳይነቀንቀው አፉ ውስጥ ረጭቶ ወዲያው ያስወጣዋል፤ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ በደንብ ይነቀነቃል፤ ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ከንፈር ገጥሞ ቀስ ብሎ እየሳቡ ይጫኑታል፤ ከዚያ እስከ አሥር እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ። ለሕፃንና ለደካማ ሰው ይህ ይከብዳል። ለእነሱ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ አጣጥፌ እሳት ላይ አግለዋለሁ፤ በጠርሙሱ ቂጥ ላይ ስጫነው ፕላስቲኩ ቀልጦ ልክ የፓፉን ቅርጽ ይይዛል። ፓፉ በዚያ ገብቶ እንዳያፈስ በፕላስተር ይጠበቃል። ጠርሙሱ አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ሳይጠረግ ይደርቃል፤ አለዚያ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ ጊዜ ተረጭቶለት፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። የኬፕታውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ይህ ጠርሙስ በውድ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አረጋግጠዋል። እኔ ዘንድ ግን ማስረጃው እናቱ ጉልበት ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው፤ በአራተኛው ትንፋሽ ትከሻው ሲወርድ ይታያል።

ቤቱም መቀየር ጀምሯል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከብቱ ከመኖሪያው እንዲለይ፣ ማድቤት ለብቻ እንዲሠራ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ዛሬ ከቁይ ወጣ ብሎ የሚሄድ ሰው ከሣር ክዳን ይልቅ ቆርቆሮ ያያል። ሥራቸውን አደንቃለሁ። ማድቤቱ መስኮት ከሌለው ግን ጢሱ ከቤተሰቡ ተነሥቶ በአንዲት ሴት ላይ ነው የሚከማቸው፤ ይህን ያልተመለከተ የማድቤት ምርቃት አይቻለሁና ነው የምናገረው።

ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የተዘጋጀው አገር አቀፍ የሕክምና መመሪያ አስም በቤክሎሜታዞን እንዲታከም ያዛል። እንዲህ ያለ እብጠት የሚያደርቅ ፓፍም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ወረቀቱ ላይ የጎደለ የለም፤ የሚጎድለው መደርደሪያው ላይ ነው። ሳልቡታሞል ይገኛል፤ ቤክሎሜታዞን አንድ ወር መጥቶ ሦስት ወር ይጠፋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ያችው የአንድ ወሯም ትቀራለች፤ ሌሊት የታፈነ ሰው ሪፈር ተጽፎለት ደብረ ማርቆስ የሚደርስበት መኪና አያገኝም። ለዚህ ነው ቀን በቀን የሚወሰደው መከላከያ ለገጠር ሰው ከከተሜው ይልቅ የሚያስፈልገው፤ ከተሜው ቢታፈን ሆስፒታል ቅርቡ ነው።

የቁይና የአካባቢዋ ሰዎች፣ በዓመት የጤና መድን የምትከፍሉት ለዚህም ነውና የመድን ስብሰባ ሲጠራ ቤክሎሜታዞን ለምን እንደጠፋ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ሌሊት ሌሊት የሚያስል ልጅ፣ ሲሮጥ የሚያፍነው ተማሪ፣ ምጣድ ሥር ሲር ሲር የምትል እናት ያለችባችሁ ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ሁለት ፓፍ ከተሰጣችሁ ሲሻላችሁ የምትተዉት ሳልቡታሞሉን ነው፤ ቤክሎሜታዞኑን ባለሙያ ሳያማክሩ ማቆም አይገባም። ጡረታ የወጣን ጤና ረዳቶችም በየቀበሌው አለን፤ ጠርሙስና ሽቦ ይዛችሁ ብትመጡ አሠራሩን እናሳያችኋለን።